የቱ ጋ ነው የተበጠሰው?

«ሲስተም የለም።»

ባለፉት ሃያ ዓመታት ወደ አማርኛ ከገቡት ዓረፍተ ነገሮች መካከል እንደዚህኛው ሕዝብን አሰልፎ ያቆመ፣ አስቀምጦ ያዋለ፣ መልሶም ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሸኘ ያለ አይመስለኝም። ባንክ ትገባላችሁ፤ ሲስተም የለም። ክፍለ ከተማ ትሄዳላችሁ፤ ሲስተም የለም። የመብራት ሂሳብ ልትከፍሉ፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጡ ትሄዳላችሁ፤ ያው ነው። የምትነግራችሁ ልጅ ክፋት የለባትም። ድምጿን ዝቅ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ መርዶ እንደምታረዳ ሰው ሆና ነው የምትናገረው። ሰልፈኛውም አይቆጣም። «እሱ ያምጣው» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል።

ብዙውን ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ ብልት በብልት ማውጣት ይቀናኛል። እስቲ ይቺን እንፍታት። አጥፊ የላትም። ቦታ የላትም። ጊዜ የላትም። ማን አጠፋው? የት ጠፋ? መቼ ይመጣል? ሦስቱንም አትመልስም። ሰዋስዋ «ዝናብ የለም» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ዝናብ ሲቀር ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ የአባት ነው። ሲስተም የሚሉት ነገር ግን ወደዚያች መስኮት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሽቦ ነው። በግድግዳ ውስጥ፣ በኮርኒስ ላይ፣ በመሬት ሥር የተዘረጋ ሽቦ። ሽቦ ደግሞ መነሻና መድረሻ አለው። ከተበጠሰም የተበጠሰበት ቦታ አለው፤ በሜትር ተለክቶ «እዚህ ጋ ነው» ሊባል ይችላል።

ዛሬ የማወጋችሁ የዚህችን ጥያቄ ታሪክ ነው። «የቱ ጋ ነው የተበጠሰው?» ብሎ መጠየቅ ከየት መጣ? መልሱስ እንዴት ተገኘ? እኛስ ሀገር ጥያቄዋ ምን ገጠማት?

ከትንሹ እንጀምር። የእህቴ ልጅ ሥራው የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ነው። አንድ ቀን ስሙን የማልጠራው የግል መሥሪያ ቤት ጠርቶት አብሬው ሄድኩ። ችግራቸው ግራ የሚያጋባ ነው። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ኔትወርኩ ይሠራል፤ ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ ሥራ ሲጀመር ይንቀራፈፋል፣ ይቋረጣል። ገመዱን የዘረጉት ሰዎች «ፈትሸነዋል» ብለው አስረክበዋል። ልጁ ከቦርሳው ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አወጣ። አንዱን በገመዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላውን በዚያ ጫፍ ሰካ። ሳጥኖቹ ላይ ከ1 እስከ 8 የተጻፈባቸው ስምንት ትንንሽ መብራቶች አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በተራ በተራ በራ። ስምንቱም በሩ።

«ይኸው! ደህና ነው ብለውናል እኮ» አለ የቢሮው ኃላፊ።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ መድረሱን እንጂ እንዴት እንደደረሰ አትናገርም። አሁን ሌላውን ይዩት።» ከዚያ ጡብ የሚያህል፣ ስክሪን ያለው መሣሪያ አወጣ። እንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ዋጋው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ የራሱ አልነበረም፤ ተከራይቶት ነው። ሰካው፤ ጥቂት ሴኮንድ ጠበቀ፤ ስክሪኑ ቀላ። «ፌይል» ይላል። ስምንቱም መብራት የበራበት ገመድ ወደቀ። ሌላኛው ገመድ ደግሞ ሲፈተሽ ችግሩ 31 ሜትር ላይ ነው አለ። ኮርኒሱን ከፍተን ስናየው በተባለው ቦታ ገመዱ በብረት ማሰሪያ ታንቆ ተጨፍልቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች አሉ። ስምንቱ ዝም ብለው አብረው አልተኙም። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተገምደው አራት ጥንድ ሠርተዋል። ሽቦን በጥንድ የመግመድ ሐሳብ የአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ምክንያቱም ይኸው ነው። ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የተኙ ሽቦዎች አንዱ የሌላውን ወሬ ይሰርቃል። የድሮ ስልክ የደወለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከዘመዱ ጋር እያወራ «የሰው ወሬ ገባብን» ይል ነበር። ሁለቱ ሽቦዎች ሲገመዱ ግን ከውጭ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካቸው፣ በተቀባዩ ጫፍ አንዱ ከሌላው ተቀንሶ ይጠፋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የሰማነው ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ ገመድ የሚሠራው ሰው ቢሳሳት፣ ስምንቱም ሽቦ በየቁጥሩ ቦታ ይደርሳል፤ ነገር ግን አብረው የተገመዱት ሽቦዎች አብረው የሚሠሩት ላይሆኑ ይችላሉ። የአንዱ ጥንድ አንዱ ሽቦ ከሌላው ጥንድ ሽቦ ጋር ይጣመራል። ትንሿ ሳጥን ይህን አታይም። ለእሷ 3 ቁጥር በ3፣ 6 ቁጥር በ6 ደርሷልና ስምንቱንም ታበራለች። ትራፊኩ ሲበዛ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ጥንዱ ወሬ ይሰርቃል፤ መልእክቱ ይበላሻል፤ ኮምፒውተሩም «እንደገና ላክልኝ፣ እንደገና ላክልኝ» እያለ ቀኑን ይፈጃል። የጎጃም የቅኔ መምህራን ይህን ቢሰሙ የሚገርማቸው አይመስለኝም። ሰሙ ሁሉ በቦታው፣ ቤቱም ያልጎደለ፣ ወርቁ ግን የሌለ ቅኔ እነሱ ዘንድ አይተላለፍም።

ትልቁ መሣሪያ ብዙ ነገር ይለካል። ገመዱ ከ100 ሜትር አለመብለጡን፣ ድምፁ በመንገድ ምን ያህል እንደሚደክም፣ አንዱ ጥንድ ለሌላው ምን ያህል እንደሚያንሾካሹክ ያያል። «ካት 5 ኢ» የሚባለውን እስከ 100 ሜጋኸርዝ፣ «ካት 6»ን እስከ 250 ሜጋኸርዝ ይፈትነዋል። የተበላሸበትን ቦታ የሚያገኘው ግን ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ዘዴ ነው፤ በገደል ማሚቶ። አፋፍ ላይ ቆማችሁ ብትጣሩ ድምፃችሁ ከማዶ ገደል ተላትሞ ይመለሳል። በሁለት ሴኮንድ ከተመለሰ ገደሉ 340 ሜትር ገደማ ይርቃል ማለት ነው፤ ድምፅ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚሄድ፣ አንዱ ሴኮንድ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። መሣሪያውም እንደዚያ ነው። አጭር የኤሌክትሪክ ምት ወደ ሽቦው ይልካል፤ ምቱ የተቆረጠ ወይም የተጨፈለቀ ቦታ ሲደርስ ይላተምና ይመለሳል። በሽቦ ውስጥ የሚሄደው የብርሃንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ፍጥነት ይዞ፣ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 20 ሜትር ላይ ያለ ብልሽት ማሚቶው በ200 ናኖ ሴኮንድ ይመለሳል። ሴኮንድን ሺህ ሚሊዮን ቦታ ቆራርጣችሁ ሁለት መቶዋን ብቻ መውሰድ ነው። ከዚያ «31 ሜትር» ብሎ ይጽፍላችኋል።

ይህ ዕውቀት በነፃ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1858 ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ገመድ ተዘረጋ። ዓለም ጉድ አለ። በኒውዮርክ ርችት ተተኮሰ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለፕሬዚዳንት ቡካናን የላከችው የደስታ መልእክት 98 ቃላት ብቻ ነበር፤ ለመድረስ ግን 16 ሰዓት ገደማ ፈጀ። በዚህ መሃል ገመዱ እየደከመ ሄደ። የኤሌክትሪክ ኃላፊው ዋይልድማን ኋይትሃውስ በሙያው ሐኪም ነበር። ደካማውን ገመድ በጉልበት አናግረዋለሁ ብሎ 2,000 ቮልት ገደማ ለቀቀበት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገመዱ ጭራሽ ዝም አለ። የዚያ ሁሉ ሰው ገንዘብ ባሕር ወለል ላይ ቀረ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሏል ይኼ ነው።

ኋላ በተደረገው ምርመራ የወጣው ቁም ነገር ሽቦው መጥፎ ነበር የሚለው ብቻ አይደለም። ሲሠራም፣ በመጋዘን ሲቀመጥም፣ ሲዘረጋም በወጉ አልተፈተሸም ነበር። ያን ጊዜ መለኪያውስ የት አለ? የሽቦን መቋቋም የሚለካ ሁሉም የተስማማበት አሃድ እንኳ አልነበረም፤ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ለዚህ ጉዳይ ኮሚቴ ያቋቋሙት በ1861 ነው። የግላስጎው ፕሮፌሰር ዊልያም ቶምሰን በትንሽ መስታወት ላይ ብርሃን አንጥሮ፣ እጅግ ደካማውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ። ከዚያ በኋላ ገመድ ወደ ባሕር በሚወርድበት ጊዜ ሁሉ መርከቡ ላይ ያለማቋረጥ የሚፈትሽ ሰው ተቀመጠ። በ1866 ገመዱ ጸና፤ ቶምሰንም «ሰር» ተባለ። ልብ በሉ፤ በ1858 እና በ1866 መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የመፈተሽ ልማድ ነው።

የዚያ ዘመን መፈተሻ ስሙ ምን ይመስላችኋል? ድልድይ! እውነቴን ነው። ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1833 ሐሳቡን አቀረበ፤ ቻርልስ ዊትስቶን በ1843 አሰራጨው። ዊትስቶን ራሱ ባለቤቱ ክሪስቲ መሆኑን ቢናገርም ስሙ በእሱ ቀረና እስከ ዛሬ ተማሪዎች «የዊትስቶን ድልድይ» እያሉ ያጠኑታል። ኤሌክትሪኩ በሁለት መንገድ ተከፍሎ ይሄዳል፤ በሁለቱ መንገዶች መካከል እንደ ድልድይ የተጋደመች መርፌ ያላት መለኪያ አለች። ሁለቱ ወገን ሲመዛዘን መርፌዋ ዜሮ ላይ ትቆማለች። የቴሌግራፍ ሰዎች በዚህች ሚዛን የተበላሸ ሽቦ ቦታ ማግኘት ጀመሩ። የተበላሸውን ሽቦ ከጎኑ ካለ ደህና ሽቦ ጋር በማዶ ጫፍ ያገናኙታል፤ በዚህኛው ጫፍ ሁለቱን ድልድዩ ላይ ያስራሉ፤ መርፌዋ እስክትረጋ ያመዛዝናሉ። ከዚያ በሂሳብ «ይህን ያህል ማይል ላይ» ይላሉ። የተበላሸውን ለማግኘት ከጎኑ የቆመ አንድ ደህና ሽቦ ማስፈለጉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ሀገራችን እንምጣ። የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ሽቦ በምድራችን ላይ የተዘረጋው በጠላት እጅ ነው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ከዙላ ወደብ ተነስቶ ሽቦ እየዘረጋ ነበር የወጣው። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሽቦውም ሄደ። ከዚያ ስልክን ራስ መኮንን ከጣሊያን ጉዟቸው ይዘውት እንደመጡና በአፄ ምኒልክ ግቢ እንደተሞከረ ይነገራል። አንዳንድ ካህናትም «ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ተሟገቱ ይባላል። ምኒልክ ግን አልሰሙም። ከአዲስ አበባ ሐረር ድረስ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ፤ ቀጥሎም በጣሊያን መሐንዲሶች ወደ አሥመራ የሚሄደው መስመር ተሠራ።

የዚያን ዘመን ሽቦ ፈተና የሚያነብ ሰው ሳይስቅ አይቀርም። ተጓዦች እንደጻፉት ዝሆን ምሰሶውን እየታከከ ይጥለዋል፤ ዝንጀሮ ሽቦው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰውም ቆርጦ ለአምባርና ለጌጥ ይወስደዋል። ታዲያ መፈተሻው ምን ነበር? የሰው እግርና የሰው ዓይን። ሽቦው ከምሰሶ ምሰሶ ሰማይ ላይ ስለሚታይ፣ የተበጠሰውን ለማግኘት ከሥሩ እየተከተሉ መሄድ ነው።

መስመር ሁሉ መልካም ነገር አያመጣም። ከአድዋ ጦርነት አምስት ቀን በፊት፣ የካቲት 18 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ጄኔራል ባራቲዬሪን የሚያንቋሽሽ ቴሌግራም ከሮም ሰደደ። ቴሌግራሙ ሳይዛነፍ፣ ሳይዘገይ ደረሰ። የተነቀፈው ጄኔራል ለማፈግፈግ ሲያስብ የነበረውን ትቶ የካቲት 23 ወደ አድዋ ተራሮች ገሰገሰ። ዛሬ ያንን መስመር በእህቴ ልጅ መሣሪያ ብንፈትነው «አልፏል» ይለን ነበር። ሽቦውን የሚፈትን መሣሪያ በሽቦው የሚሄደውን ቃል አይፈትንም።

በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሽቦ መቁረጥ የአርበኛ ሥራ ሆነ። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ሀገር የበላይ ዘለቀ ጦር የተመላለሰበት ነው። የጠላት ስልክ ሲቆረጥ ምሽጉ ከምሽጉ ይነጠላል፤ እርዳታ ቢጠራ የሚሰማው የለም። «የቱ ጋ ነው የተበጠሰው?» የሚለው ጥያቄ ያኔ የጠላት ጥያቄ ነበር፤ ፈልጎ ለመቀጠል የወጣው ወታደርም አድፍጦ የሚጠብቀው ሰው ነበረው።

ከነፃነት በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ደስ የሚል አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 አትላንቲክ ሲቲ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ከኢትዮጵያ ተልከው ከተገኙት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። አዎ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ፤ ቢቸና አጠገብ ያለችውን ዲማን አንባቢ ሁሉ እንዲያውቃት ያደረጉት ሰው። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ፤ ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ገባ፤ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይና ኩባንያዎች ጋር በተፈረመ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት የመስታወት ክር በየክልሉ ተዘረጋ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ሥራ ጀምሮ ሁለተኛ ሆነ። ሪባን ሲቆረጥ፣ ሲጨበጨብ ኖረናል። መዘርጋት ይዘፈንለታል። ለመፈተሽ ያጨበጨበ ሰው ግን አላየሁም።

ለመፈተሽ ባዳ ሆነን አይደለም። አያቶቻችን የማርያ ትሬዛን ብር ሲቀበሉ ዝም ብለው አልነበረም። ዘውዷ ላይ ያሉትን እንክብሎች ይቆጥሩ፣ ደረቷ ላይ ያለውን ጌጥ ይዳስሱ፣ አንዱ የጠፋበትን «ውሰድልኝ» ብለው ይመልሱ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከላይ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ በመዳብ ዋጋ ተሸጦላቸው አመስግነው ይገባሉ። የእንዲህ ያለው ሽቦ መቋቋም ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፤ ይሞቃል፣ ቶሎ ይሰበራል፣ ረጅም መንገድ አይዘልቅም። ለመለየት የብዙ ሺህ ዶላር መሣሪያ አያስፈልግም። በምላጭ ፋቅ ብታደርጉት ነጭ ይወጣል። መሣሪያው የሌለን ሰዎች ልማዱስ የት ሄደብን?

ጉዳዩ የቢሮ መንቀራፈፍ ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ተሰጠ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት በአንዲት ገመድ አለፈ ማለት ነው። ጥንዱ የተሳሳተ ገመድ አጠገብ የተቀመጠች የገበሬ ልጅ ስክሪኗ ቀጥ ሲልባት ምን ትላለች? «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ለእሷ የዓመት ዋጋ አለው። እናቷ ከሞጣ ገበያ በግ ሸጣ ላስተማረቻት ልጅ፣ «ፈተናው የሚሰጥበት አዳራሽ እያንዳንዱ ገመድ ተፈትኗል፤ ወረቀቱ ይኸው» የሚል ሰው ሊኖር ይገባል።

መሣሪያው የማያገኘው ብልሽትም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ስልኩም ኢንተርኔቱም ሁለት ዓመት ገደማ ዝም አለ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። በሰኔው መዘጋት መሬት ሥር ያለውን ክር ብትፈትኑት «አልፏል» ይላችሁ ነበር። የተበጠሰ የለም፤ የተዘጋ እንጂ። ውጭ ያለ ልጅ ግን እናቱ በሕይወት መኖሯን ማወቅ አልቻለም። እዚህ ላይ «የቱ ጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ በሜትር አይመለስም፤ በስምና በፊርማ ነው የሚመለሰው።

በሌላ በኩል ባሕር ወለል ላይ የሚበጠሰው ገመድ እንኳ ዛሬ አድራሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲቆረጡ፣ በ2025 መስከረምም ሲደገም፣ ባለሙያዎች ብርሃን ልከው ማሚቶውን አዳምጠው ቦታውን ያውቁታል። እኛ ወደብ የሌለን ሰዎች በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶቻችን በኩል ከነዚህ ገመዶች ጋር እንያያዛለን። በጥልቅ ውሃ ሥር ያለው ብጥስጥስ ቦታው እየታወቀ፣ የአንድ ፎቅ ገመድ ብልሽት «የለም» በሚል ቃል ብቻ መሸፈኑ አይደንቅም?

የተበጠሰበትን ማወቅ ብቻ ግን አይበቃም። ለዚህ ምስክሬ የዓባይ ድልድይ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላትን ጦር ለማገድ ሲባል አንዱ ቅስቱ እንዲፈርስ እንደተደረገ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ። የተሰበረበትን ለማግኘት መሣሪያ አላስፈለገም። ከአፋፍ ላይ ይታያል። እረኛው ያውቀዋል፤ ነጋዴው ያውቀዋል፤ ገዢውም ያውቀዋል። ሆኖም ከስድሳ ዓመት በላይ ክፍቱን ቆየ። ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? በገመድ! በወዲህና በወዲያ ያሉ ጎልማሶች ገመድ ይዘው፣ የሚሻገረውን ወገቡን አስረው፣ ከታች ዓባይ እየደነፋ፣ ከአንዱ ስባሪ ወደ ሌላው ይጎትቱታል።

ያንን ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ተቋራጭ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየው። ድርጅት አቋቁሞ መጣና በ2002 ከሀገሬው ሰው ጋር ሆኖ ክፍቱን በብረት ጠገነው። በ2005 ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ይዞት ሄደ። ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንዲሉ፣ የመጀመሪያውን ጥገና የፈተነው ዓባይ ራሱ ነው። ቀጣዩ ድልድይ የተሠራው የዓባይን ፈተና ውጤት ተቀብሎ ነው። ለስድሳ ዓመት የጎደለው የብልሽቱ ቦታ አልነበረም። «እዚህ ጋ ነው» ከተባለ በኋላ «የማን ሥራ ነው?» ብሎ የሚቀጥል ሰው ነበር የጎደለው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ገመድ ያዘረጋችሁ ሁሉ፣ ትምህርት ቤት ሁኑ፣ ክሊኒክ ሁኑ፣ ባንክ ሁኑ፣ ክፍያውን ከመፈረማችሁ በፊት የፈተናውን ውጤት በወረቀት ጠይቁ። መሣሪያው እያንዳንዱን ገመድ በቁጥር፣ በቀን፣ በሜትር ጽፎ ያወጣል። ስምንት መብራት በራ ተብሎ አይፈረም። በሰልፍ የቆማችሁም ብትሆኑ «ሲስተም የለም» ስትባሉ በትሕትና «የቱ ጋ ነው ያልተገኘው?» በሉ። ልጅቷ አታውቀው ይሆናል፤ ግን አለቃዋን ትጠይቃለች፤ አለቃዋም የበላዩን። ጥያቄ እንደዚያ እየተቀባበለ የሚሄድ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ፈታኙ ማን ይሁን? እነዚያ የሰባራ ድልድይ ጎልማሶች ገመዱን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ የላላውን እያዩ፣ የደከመውን ሲለውጡ ተቆጣጣሪ አላስፈለጋቸውም። ነገ በዚያው ገመድ የሚሻገረው ወንድማቸው ነው፤ ከነገ ወዲያም እነሱ ራሳቸው። መስመር የሚዘረጋልን ሰው በመስመሩ የሚሻገር ቢሆን ኖሮ፣ የሚሻገረውም ሳይፈተሽ አልረግጥም ቢል ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ባልጨረስኩ ነበር።